እትዬ ሃሎና ሰማንያ አንድ ከመቶ

የእትዬ ሃሎን ትክክለኛ ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉ ስልክ ቤት ተቀምጠው «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ሲሉ ስለኖሩ ስሙ ወጣላቸው፤ እሳቸውም አልከፋቸውም። ደዋዩ ገና ሲተነፍስ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ሚስት «ባለቤቴ አለ?» ስትል፣ ጠቡ የዛሬ ይሁን የከረመ ከድምጿ ለይተው፣ ሰውየውን አስጠንቅቀው ነበር የሚያገናኙት።

ከዚያ ማሽን መጣ። «ለድንገተኛ ሕክምና አንድን ይጫኑ» የምትል፣ ጉንፋን የማይዛት፣ ፈቃድ የማትጠይቅ ሴት ስልኩ ውስጥ ገባች። ለእትዬ ሃሎ አንድ የምስጋና ወረቀትና ኮሪደር ላይ አንድ ወንበር ተሰጣቸው። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ስለሚቀረው ሆስፒታሉ ሊያሰናብታቸው አልቻለም፤ ሊያሠራቸውም አላሰበም፤ ስለዚህ አስቀመጣቸው። እንደ ዕቃ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ዕቃ ጠዋትና ማታ የሰዓት ፊርማ አይፈርምም።

አራት ወር እንደተቀመጡ የንግግር ሕክምና ባለሙያው መጣ። ከሥልጠና አንድ ማይክሮፎን፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫና ብዙ ተስፋ ይዞ የተመለሰ ወጣት ነው። ሥራው የአፍ ካንሰር ታክመው የዳኑ ሰዎች ንግግራቸው ምን ያህል እንደሚሰማ መለካት ነበር። በሽተኛው በየጊዜው የሚቀያየሩ ዓረፍተ ነገሮችን ከወረቀት ያነባል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ ፊቱን የማያይ አድማጭ ደግሞ የሰማውን ይጽፋል። ከመቶው ቃል ስንቱ ልክ እንደተጻፈ ይቆጠርና ያ ቁጥር የበሽተኛው ውጤት ይሆናል።

«ጆሮው ደህና የሆነ፣ በሽተኞቹን የማያውቅ፣ ሥራም የማይበዛበት ሰው እፈልጋለሁ» ቢል፣ የሆስፒታሉ ጣት ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ወንበር ተቀሰረ።

የመለኪያው ክፍል የድሮ የአንሶላ መጋዘን ነው። ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተመትቶበታል፤ መሃሉ በችፑድ ተከፍሎ በአንዱ በኩል በሽተኛው፣ በሌላው እትዬ ሃሎ ይቀመጣሉ። ሰው ለሰው የሚናገርበት እንደዚህ ያለ ጸጥተኛ ቦታ ከመቃብር በቀር የለም።

የመጀመሪያው ታካሚ ጠበቃ ነበር። ሠላሳ ዓመት በምላሱ እንጀራ የበላ ሰው፤ ካንሰሩም ሌላ ቦታ የጠፋበት ይመስል ሄዶ ምላሱ ላይ ወጣ። ሐኪሞቹ ግማሹን ቆርጠው ከክንዱ በወሰዱት ሥጋ ጠገኑለት፤ ጨረሩም ተጨመረ፤ ነፍሱ ተረፈች። «እንኳን ለዚህ አበቃህ!» የሚለው ጠያቂ ሁሉ ግን እየጮኸ ነበር የሚያናግረው፤ የተቆረጠው ጆሮው ይመስል። የሥራ ባልደረቦቹም መዝገቦቹን «እስኪሻልህ» ብለው ተካፈሉለት። እንዲህ ነው ወዳጅ።

ትልቋ ልጁ ከጎኑ አትለይም። እሱ አፉን ሲከፍት እሷ «አባዬ ማለት የፈለገው…» ብላ ትቀድመዋለች። አባዬ ማለት የፈለገውን ግን አንድ ቀንም ብላው አታውቅም። «መስኮቱን ዝጊው» ሲል ትከፍትለታለች፤ ብርድ ሲመታው ደግሞ «አባዬን እኮ ሙቀት አይስማማውም» እያለች ለጠያቂ ታስረዳለች።

በመጀመሪያው ቀን ጠበቃው ከወረቀቱ «ዳኛው ፍርድ ሰጠ» ብሎ አነበበ። እትዬ ሃሎ የሰሙትን ጻፉ፤ «ዳኛው ፍርድ ሸጠ»። ባለሙያው በቀይ ሰረዘው። ጠበቃው ወረቀቱን ሲያይ፣ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እስክሪብቶ ተቀብሎም ጠርዙ ላይ «ከሥራ ልምዴ በመነሣት፣ ይህ መልስ እንደ ስህተት እንዳይቆጠር አመለክታለሁ» ብሎ ጻፈ። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ውጤት፤ አርባ ስድስት ከመቶ።

ከዚያ በኋላ ጠበቃው በየሳምንቱ መጣ። እትዬ ሃሎ ቀስ በቀስ የአፉን ጠባይ አወቁት፤ «ሰ» ሊል ሲነሣ «ሸ» ላይ ይንሸራተታል፤ «ረ» ከሞላ ጎደል ትጠፋለች፤ «ተ» ወደ ጉሮሮው ትሸሻለች። ዝናብ ባበላሸው የስልክ መስመር ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ያገናኘ ጆሮ ይህ አይከብደውም። ሃምሳ ስምንት ሆነ፤ ሰባ ሆነ፤ በሦስተኛው ወር ሰማንያ አንድ።

የክፍሉ ኃላፊ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፤ በተለይ ወደ ላይ የሚሄድ ቁጥር። ወዲያው ግድግዳ ላይ ባለቀለም ግራፍ አሰቀለ። «በሕክምናችን የታካሚው ንግግር በሦስት ወር ውስጥ በሠላሳ አምስት ነጥብ አደገ» የሚል ሪፖርትም ለበላይ አካል ላከ። ጠበቃው ከግራፉ ሥር ቆሞ ፎቶ እንዲነሣ ተጠራ። ፈገግ በል ተባለ፤ የተሰፋ መንጋጋ የፈቀደለትን ያህል ፈገግ አለ።

ፎቶው እንዳለቀ ልጁ ካርድ ልታስመታ ስትሄድ፣ ጠበቃው ኮሪደሩ ላይ እትዬ ሃሎን አገኛቸው።

«ሰማንያ አንድ ነህ አሉኝ» አላቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጌታው።»

«ትናንት ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስጠኝ ብለው ሻማ ሰጠኝ። ደገምኩለት፤ ሌላ ሻማ ጨመረልኝ። ሰማንያ አንዱ የሚሠራው እዚህ መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው እንዴ?»

እትዬ ሃሎ ሊስቁ ብለው ተዉት። ያን ሁሉ ያለ ማዳመጫ፣ ያለ ወረቀት፣ አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ነበር የሰሙት። በአጠገባቸው ወለል ስትወለውል የነበረችው ሠራተኛ ግን ቀና ብላ «ምን አሉ ሰውየው?» አለች።

እትዬ ሃሎ በቀጥታ ወደ ባለሙያው ሄዱ።

«ልጄ፣ ከሰውየው ይልቅ የተሻለኝ እኔ ነኝ።»

«ምን አመመዎት፣ እትዬ?»

«ምንም አላመመኝም። ጆሮዬ ለመደው ነው የምልህ። ምላሱ እዚያው ነው ያለው።»

ወጣቱ ፊቱ ነጣ፤ ግን ጨዋ ነበር፣ አልተከራከረም። በማግሥቱ ያንኑ የሰማንያ አንዱን ቅጂ ለበሩ ጥበቃ፣ ለልብስ አጣቢዋና ለካርድ ክፍሉ ሰው አሰማ። ሃምሳ፣ ሃምሳ አራት፣ ሃምሳ ሁለት። የሠላሳ አምስት ነጥቡ ዕድገት ስድስት ሆኖ ቁጭ አለ።

ኃላፊው ሲነገረው ጠረጴዛውን መታ። «ሪፖርቱ ሄዷል እኮ!»

«ይመለሳ» አሉ እትዬ ሃሎ።

«ሪፖርት ፍየል ነው፣ ሲጠሩት የሚመለሰው? ሰማንያ አንድ የሚያሰኘውን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። የተቆጠረው ግን የኔ ጆሮ ነው።»

ኃላፊው ነገሩ እንዲረሳ መከረ፤ እንዲያውም የሌሎቹንም ታካሚዎች ውጤት እሳቸው ቢጽፉት ምን ያህል እንደሚያምር ጠቆመ። በውጤት ቅጹ ግርጌ «ማስታወሻ» የሚል፣ ማንም ጽፎበት የማያውቅ ባዶ ቦታ አለ። እትዬ ሃሎ በስልከኛ ንጹሕ ጽሕፈታቸው «አድማጯ ታካሚውን ለምዳዋለች፤ ቁጥሩ የጆሮ እንጂ የምላስ አይደለም» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። በሁለተኛው ቀን «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ኮሪደር ላይ ሁለት ሳምንት እንደዋሉ ባለሙያው መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ሳስበው ሰነበትኩ። የእርስዎ ጆሮ በሦስት ወር ከለመደ፣ የቤተሰቦቹ ጆሮስ ለምን አይለምድም?»

«አንተ፣ ይሄን ለማሰብ ሁለት ሳምንት ፈጀብህ?» አሉና ተነሡ።

በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ የጠበቃውን ልጅ ማዳመጫ አደረጉላት።

«እኔን? እኔማ አባዬን ከማንም በላይ እሰማዋለሁ!» አለች።

ሠላሳ ስምንት አመጣች። ከበሩ ጥበቃ በታች።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለች፣ ማዳመጫውን እያወለቀች።

«ማሽኑስ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት እትዬ ሃሎ። «እሱ ገና አፉን ሲከፍት አንቺ ጽፈሽ ጨርሰሻል። ያ ጥበቃ ግን ምን ሊል እንደሆነ ስለማያውቅ እስኪጨርስ ጠበቀው።»

የልጅቷ እንባ መጣ። «ዝም ሲል እፈራለሁ፣ እትዬ። ያኔ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ስድስት ቀን ዝም ብሎ ነበር የተኛው። አሁንም ቃል ሲፈልግ ትንሽ ዝም ካለ ያ ቀን ይመጣብኛል። ስለዚህ ቶሎ ብዬ እሞላዋለሁ።»

ከችፑዱ ማዶ ጠበቃው ሁሉንም ሰማ። ችፑድ ነዋ።

ስድስት ሳምንት ምሳቸውን እየዘለሉ ተማሩ። የልጅቷ ሥራ አንድ ነበር፤ አባቷ ሲናገር እጇን አፏ ላይ አድርጋ መጠበቅ፣ ሲጨርስ መጻፍ። ጠበቃውም የባለሙያውን ወረቀት ትቶ የራሱን ነገር መናገር ጀመረ። አንድም ሳትሳሳት የጻፈችለት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «አትጨርሺልኝ ልጄ፣ ቢዘገይም እደርሳለሁ» የሚል ነበር። ጻፈችው፤ አነበበችው፤ ልታስረዳ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ ሲሰማ የሌሎች ታካሚዎች ሚስቶች፣ ባሎችና ወንድሞች መምጣት ጀመሩ። ያ ማስታወሻም ከውጤት ቅጹ ጋር በላይ አካል ደርሶ «ማብራሪያ ይሰጥበት» ተብሎ ተመልሶ ነበርና፣ ኃላፊው ሁለተኛ ሪፖርት ጻፈ፤ «ክፍላችን ባመነጨው አዲስ ሐሳብ» ብሎ ይጀምራል። እትዬ ሃሎም ገጽ ዘጠኝ ላይ «አንዲት ረዳት ሠራተኛ» ተብለው ሰፍረዋል። ቢሆንም የመጋዘኑ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ሆነ፤ የኮሪደሩም ወንበር አብሮ ገባ።

ጠበቃው ከባልደረቦቹ አንዱን መዝገብ አስመልሶ በበጋው መጨረሻ ችሎት ቆመ። ልጁ ከኋላ ተቀምጣ ትንፍሽ አላለችም። በማግሥቱ መጋዘኑ ድረስ መጣ።

«ተረታሁ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ሰማሁ። ታዲያ ጥርስዎ ለምን ተገለጠ?»

«ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ። ድገም አሉኝ፣ ደገምኩ። በአራተኛው ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጻፈችው። ክርክሬ ደካማ ነው ብለው ነው የፈረዱብኝ፣ እትዬ። ክርክሬ! አልተሰማም ያለ የለም።»

እትዬ ሃሎ ወንበሩን ሳቡለት፤ ተቀምጦም ይግባኙን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳቸው ጀመር።