ረቡዕ ረቡዕ የሚነሳ ቁርጠት

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ! በደርግ ጊዜ ሺንሺቾ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከጓሮዬ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ ፍግ ተሸክሜ፣ አረሜ፣ ኮትኩቼ ዝንጅብል አሳድጌያለሁ። ታዲያ ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ እኔ ቢሮ እያለሁ፣ ሰፈርተኛው «ሆዴን ቆረጠኝ» እያለ ወደ ቤቴ ይጎርፋል። ባለቤቴ ዝንጅብል አፍልታ ታጠጣለች ተባለ።

«የሰፈሩ ሆድ ሁሉ ረቡዕ ብቻ ነው እንዴ የሚታመመው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ምን ላድርግ ታዲያ? የታመመ ሰው ከደጅ ልመልስ?» አለችኝ።

ስንት እንደቀረኝ ልቆጥር ጓሮ ስገባ አንድም ሥር አልተነቀለም። ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ፤ ምን እየጠጡ ነው የሚሻላቸው?

በሚቀጥለው ረቡዕ እኔው ራሴ የምር ሆዴን ቆረጠኝና ዝንጅብሌን ልጠጣ ከቢሮ ወጣሁ። በሩን በርግጄ ስገባ ማንቆርቆሪያው እሳት እንኳ አልነካውም። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ከባለቤቴ ጋር ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ! ጸሎት ቤቶቹ በታሸጉበት በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ተሰብስቦ መገኘት ያሳስራል። ደግሞ ማን መሃላቸው ተንበርክኮ ባይ ጥሩ ነው? የቀበሌያችን ሊቀመንበር! ባለፈው ወር በስብሰባ መሃል አስቁሞ «ሚስትህን ጸሎቷን አስተዋት!» ብሎ በሕዝብ ፊት ያዋረደኝ ሰውዬ!

አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ቀስ ብሎ ሆዱን በሁለት እጁ ያዘና፣

«ጓድ፣ ቁርጠት ነው» አለኝ።