ከጥያቄው ጎን የጻፍኩት ቁጥር

በብስክሌት ሰሌዳ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ጥላሁን የሽቦ ብሩሽ፣ ፒንሳና አንድ ትልቅ መዝገብ አስረከቡኝ። በብሩሹ ከፔዳሉ መጋጠሚያ ሥር ያለውን ዝገት ስፍቀው በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን ከባለቤቱ ስም፣ ከቀበሌውና ከቤት ቁጥሩ ጋር በመዝገቡ እጽፋለሁ። ከዚያ የቆርቆሮውን ሰሌዳ ከኋላው ጭቃ መከላከያ ላይ በሽቦ አስሬ ጫፉን በፒንሳ እጠመዝዛለሁ።

«ብስክሌት ትነጂያለሽ?» አሉኝ አሳይተውኝ ሲጨርሱ።

እንደማልነዳ ነገርኳቸው። ከቆላ ድባ ከመጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። እዚያ ብስክሌት የነበረው አንድ የግብርና ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ከሚነዳው የሚገፋው ይበልጥ ነበር።

«ግድ የለም» አሉ አቶ ጥላሁን። «እኔም የከብት ክትባት ክፍል ስሠራ በሬ አልነበርሁም።»

ባሕር ዳር ግን የማይነዳ ሰው የሚያፍርባት ከተማ ነበረች። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሸማኔ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ የጠመጠመው ዲያቆን፣ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። መዝገባችን ውስጥ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሰዎች ሞልተው ነበር፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ። ስለዚህ አቶ ጥላሁን ጥብቅ ደንብ አወጡልኝ። ሰው በጻፍኩ ቁጥር፣ የትም ይሁን የት፣ ከስሙ ጎን የሰሌዳ ቁጥሩን አስቀምጣለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ደንቡ ለመደብኝ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው ስሙን ረስቼ ቁጥሩን አስታውስ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ አውቶቡስ ሲጠፋ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሁሉ ብስክሌት እየተዋሰ መንገድ ላይ ወጣ። የሚወድቀውም በዛ። አንዱ ጋሪ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ዓባይ ድልድይ ላይ ከእንጨት ጫኝ አህያ ጋር ይጋጫል። ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ በየቀበሌው የእሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ብስክሌት አነዳድና ስለ ከተማው መጓጓዣ ትምህርት ይሰጥ የሚል። አቶ ጥላሁን ጉልበታቸውን እያሻሹ ሥራው የኔ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ግን አሁንም አልነዳም ነበር።

ያስተማረችኝ አስካለ ናት። አስካለ በፋብሪካው የሽመና ክፍል ትሠራ ነበር፤ ከኔ አምስት ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆችና እናቷን የምታስተዳድር ሴት ናት። ሰሌዳዋን ልታሳድስ መጥታ ጭንቀቴን ስነግራት እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ከፈረቃዋ መልስ ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ እየወሰደች፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ታስነዳኝ ጀመር። ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ እየገባ ሁለቴ ወድቄያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት «ልለቅሽ ነው» አለችኝ፤ ዘወር ስል ለካ ቀድሞ ለቅቃኛለች። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ግን ውርደት ነበር። የቢሮውን ብስክሌት የቀበሌው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ፍሬኑን፣ ደወሉንና የኋላ መብራቱን እያሳየሁ አንድ ሰዓት ለፈለፍኩ። ሰዉ ስም ስለሚጠራ የመጣ ነው። ግማሹ ያንቀላፋል፤ ግማሹ ከኅብረት ሱቁ የሚታደለውን ስኳር ያስባል። እኔም አንዲት የተሳሳተች ቃል እንዳላወጣ ከአፌ የሚወጣውን ሁሉ እጠብቅ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ፊት መቆም ቀላል ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቀበሌ ግን ዘዴ አገኘሁ። ማስተማሩን ትቼ ጠየቅኳቸው። «ከቤታችሁ እስከ ሥራችሁ የምትፈሩት የትኛውን ቦታ ነው?» አልኩ። አዳራሹ ነቃ። አንድ ሽማግሌ የገበያውን መታጠፊያ አሉ። አንዲት ነርስ መብራት የሌለውን የሆስፒታሉን መንገድ አነሣች። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ቦዩ፣ በክረምት ስለሚሰምጠው መንገድ እያነሡ ተሻሙ። እኔም ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ያዝኩ፤ ከየጥያቄው ጎን የጠያቂውን ስም፣ ከስሙ ጎን ሰሌዳውን። ቃለ ጉባኤው በካርቦን ሦስት ቅጂ ይሆናል። አንዱ ለኛ፣ አንዱ ለቀበሌው ይቀራል፤ ሦስተኛው ወደ በላይ ይሄዳል። በላይ የት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ተራው የነአስካለ ቀበሌ ደረሰ። አስካለ ከኋላ ተቀምጣ ስታየኝ ፈገግ አለች። እኔም ኮርቻዬን የያዘችልኝ ያህል ተሰማኝ፤ ጥያቄዬን አቀረብኩ። ሁለት ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ እጇን አወጣች።

«አስካለ እባላለሁ፤ ከሽመና ክፍል ነኝ» አለች። «ያ አረንጓዴ ከባድ መኪና በፈረቃ መውጫችን ሰዓት ለምንድን ነው የሚመጣው? እኛ ተግተልትለን ስንወጣ በመካከላችን ይገባል። ሐሙስ ለታ አንዷን ጓደኛችንን ቦይ ውስጥ ጣላት፤ ሹፌሩ ዞሮም አላያት። እኛን ቀኝ ያዙ፣ ደወል ደውሉ ትሉናላችሁ፤ እሺ እንይዛለን። እሱንስ ማን ያስተምረው?»

መኪናው የጦሩ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ሳምንት የፈለግኩት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። አንዲት ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት። ከጎኑ ስሟን፣ ከስሟ ጎን 614 አኖርኩ።

ስሙ የተጻፈ ሰው ምን ሊያገኘው እንደሚችል አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ያላወቅኩት የብስክሌት ነገር እዚያ ውስጥ መግባቱን ነው። ፍሬንና ደወል ስናወራ ከዘመኑ ውጭ የሆንን ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ወደ ቢሮአችን መጣ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤና አንድ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱን ሲዘረጋው የራሴን እጅ ጽሑፍ በካርቦን ሰማያዊ አየሁ። የ614ን አድራሻ ጠየቀ። አቶ ጥላሁንን አየሁ፤ እሳቸው መስኮቱን አዩ። መዝገቡን ገልጬ ቀበሌዋንና የቤት ቁጥሯን አነበብኩለት። አመሰገነኝ። ሊወጣ ሲል ወንድሙ ብስክሌት መግዛቱን ነግሮኝ ሰሌዳ ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። በፈረቃ መውጫ ሰዓት ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ። ሰሌዳ ከኋላ ስለሚታሰር ቁጥሩን ለማንበብ ሰውየው አልፎኝ መሄድ አለበት። የመጣውን ፊቱን፣ ያለፈውን ሰሌዳውን እያየሁ አንገቴ እስኪጠመዘዝ ቆጠርኩ። 614 አልወጣም። ፈረቃ ቀይራ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ቆምኩ፤ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ከሽመና ክፍል የማውቃትን አንዲት ሴት አስቁሜ ጠየቅኩ። ሴቲቱ እኔን አየችኝ፣ ከብብቴ ሥር ያለውን ደብተር አየችው። «አላውቅም» ብላ ፔዳሉን ረገጠች።

ቤቷን አውቀው ነበር፤ አድራሻውን ያነበብኩት እኔው ነኝ። እናቷ በሩን ከፈቱልኝ። ረቡዕ ለታ ሁለት ሰዎች መጥተው ለአንድ ጥያቄ ነው እንዳሏት፣ ነጠላዋን አንሥታ እንደሄደችና እንዳልተመለሰች ነገሩኝ። ብስክሌቷ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ስንቁን ይቀበሉናል» አሉ እናቷ፤ እንደ ምሥራች ነበር ያሉት። ስንቅ ከተመለሰ ሰውየው የለም ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ ተቀመጪ አሉኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ለአቶ ጥላሁን ቀበሌው ዘንድ ሄጄ ልናገር ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ተይው ውባለም» አሉኝ። «አንዷን አጣን፤ አሁን ደግሞ የራስሽን ስም ወስደሽ ልታስረክቢ ነው?» የተናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ስለኔ ፈርተው ነው። እኔም ስለራሴ ፈራሁ። ሁለት ቀን እሄዳለሁ አልሄድም እያልኩ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ነው የወሰደኝ ማለት ይቀለኛል።

ሊቀ መንበሩ ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲያስብ የመርፌ መግፊያ ቆብ ያጠለቀ ይመስል ባዶ ጣቱን ያሻሽ ነበር። ቃለ ጉባኤው ተሳስቷል አልኩት። ምኑ እንደተሳሳተ ጠየቀኝ። አስካለ በራሷ ተነሥታ አልተናገረችም፤ የምትፈሩትን ቦታ ንገሩኝ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የመለሰችው ትምህርቱ የሚፈልገውን ነው፤ ጥፋት ካለ የጠያቂው ነው አልኩት።

«ይህን በጽሑፍ ትሰጫለሽ?» አለኝ።

«እሰጣለሁ።»

ወረቀት ገፋልኝ። ጻፍኩ። አንሥቶ አየውና «ይህን ማን ያነበዋል? እንደገና ጻፊው» አለኝ። ፊደሌ እንዲህ ተበላሽቶ አያውቅም። እንደገና ጻፍኩ፤ ስሜንና ሥራዬን ከሥሩ አኖርኩ።

«ሰሌዳ ቁጥርሽስ?» አለ። የጽሕፈቴን ሥርዓት ተምሮ ነበር። የቢሮውን ብስክሌት ቁጥር ጨመርኩለት።

ከዚያ ወዲያ የቢሮአችንን ደጃፍ የሚረግጥ ጫማ ሁሉ ለኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ከደንበኛው ፊት በፊት ጫማውን አይ ጀመር። የመጣብኝ ግን የለም። አስካለ ከሳምንት በኋላ ተፈታች። ወረቀቴ ረድቷት ይሁን ወይም የእስር ጊዜዋ አብቅቶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ብስክሌቷን እየገፋች ቢሮ መጣች። ከስታለች። ተነሥቼ ልስማት ስል ጉንጯን ሰጠችኝ፤ እጇን ግን ከብስክሌቱ መሪ አላነሣችም።

«ሰሌዳውን ፍቺልኝ» አለች።

«ምን ሆኖ?»

«ልሸጠው ነው። ከእንግዲህ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ፒንሳውን አነሣሁ። ሽቦው ዝጎ ስለነበር ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም ከላይ ቆማ ታየኛለች።

«ያልሁትን አንዲት ቃል ሳይስቱ አነበቡልኝ» አለች። «እኔ እንኳ ረስቼው ነበር። አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ትጽፊያለሽ» አለች። ስድብም ብስጭትም አልነበረበትም። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች። ቢሮ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ አለቀስኩ።

ወር ገደማ ቆይቶ አረንጓዴው መኪና በፈረቃ መውጫ ሰዓት መምጣቱን ተወ። ማን እንዳዘዘ የነገረን የለም። ያ ሦስተኛ ቅጂ በላይ የሆነ ቦታ ተነቦ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ሴቶቹ ደወላቸውን እያቃጨሉ በሰላም ይወጣሉ። አስካለ ግን ከቦዩ ማዶ በእግሯ ታልፋለች፤ ቤቷ ለመድረስ ከሁሉም ኋላ ናት።

ከዚያ በኋላ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በየቀበሌው አስተማርኩ። ቃለ ጉባኤዬ ላይ «አንድ ነዋሪ ጠየቁ» ከማለት በቀር ስም አላስገባሁም። ጎደሎ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል። አቶ ጥላሁን «ልጅቱ ስም አይያዝላትም» እያሉ ስለኔ መልስ ይሰጡ ነበር፤ ስለ ቁጥሩም ደንብ ዳግመኛ አላነሡብኝም።

አሁን በመጓጓዣ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች ሕዝብ ሰብስባችሁ ስለ መንገድ ትጠይቃላችሁ፤ ደግ ታደርጋላችሁ። የተባለውን ሁሉ ጻፉ። የተናገረውን ሰው አትጻፉ።