የላታሜ የመጨረሻ መስመር

ጩኮ ውስጥ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ የምትተይበው ላታሜ፣ የእርቅ ውል ስትጽፍ አንድ የማትለቀው ጠባይ አላት። ሁሉን ትተይብና «በፈቃዳችን ታርቀናል» የምትለውን የመጨረሻ መስመር ትተዋታለች። ወረቀቱን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚሉት ሸንጎ ላይ እንደሚጠይቁት «አፊኒ? ሰምታችኋል?» ትላለች። ሁሉም በየተራው ካልመለሰ ጣቷ ፊደል አይነካም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ናት። ሕግ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ ጠበቆቹ ግን ውል ሲከብዳቸው ወደ ጃንጥላዋ ብቅ ይላሉ፣ ሰላም ሊሏት ብቻ የመጡ መስለው።

አንድ ማክሰኞ ጋቢሶና ካያሞ ከሽማግሌያቸው ጋር መጡ። የካያሞ ቤት ከጋቢሶ እንሰት ጀርባ ነው፤ ወደ ወንዝ የሚያወርዱት ሁለት መንገዶች፣ ላይኛውም ታችኛውም፣ በጋቢሶ መሬት ያልፋሉ፤ እሱ ደግሞ አጥሯቸዋል። ሦስት ዓመት ተካሰው ሽማግሌዎች ትናንት አስታረቋቸው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ውሉ ዳኛው ፊት ካልቀረበ ምስክር ይሰማል፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ይምላል፤ እርቁም ይፈርሳል።

«ጻፊ» አለ ጋቢሶ። «ካያሞ በታችኛው፣ በወንዙ ዳር ይለፍ። አለቀ።»

«ስፋቱስ?»

«ሰው የሚያሳልፍ።»

«የትኛውን ሰው? አንተን ካሳለፈማ በሬም ያልፋል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ጋቢሶ ሆዱን ዳበስ አደረገ። «ስድቡንም ትተይቢዋለሽ?»

«እሱ ምርቃት ነው።»

ሁለት ሜትር ብላ ተየበች፤ አነበበች። «አፊኒ?»

ሦስቱም ሰምተናል አሉ። ላታሜ ግን አብራቸው መጥታ ከአጥሩ ሥር የተቀመጠችውን የካያሞን ሚስት፣ ዳራሜን አየች።

«ውሃ የሚቀዳው ማነው?»

«እሷ ናታ» አለ ካያሞ።

«አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የቀዳኸው መቼ ነው?»

ካያሞ አሰበ። «ሳላገባ።»

«ዳራሜ፣ አንቺስ ሰምተሻል?»

«ማን ነግሮኝ?» አለች ዳራሜ። «ታችኛውን ክረምት ይውጠዋል። አምና በአጥሩ ሾልኬ ስወርድ እስከ ጉልበቴ ሰጥሜ ጄሪካኑን ጥዬ ነው የወጣሁት። እኔን የሚያዋጣኝ ላይኛው ነው፣ በእንሰቱ ጠርዝ ያለው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ካያሞ።

«አንተ በመንገዱ ትከራከራለህ፣ እኔ እሄድበታለሁ። የት ተገናኝተን?»

ጋቢሶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ላይኛው ላይ ሦስት እንሰት አለኝ። አሁን ይጻፍና ክረምት ሲመጣ እንነጋገራለን።»

ላታሜ እጇን ከታይፑ አንስታ ጋቢሶን በልጁ ስም ጠራችው። «ዳኛው ያጸደቀው ወረቀት እንደ ፍርድ ነው የሚፈጸመው፣ የለዳሞ አባት። ክረምት ላይ እሷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ብታለቅስ ‹ባልሽ ፈርሟል› ነው የሚሏት።»

የችሎቱ ጥበቃ ብቅ ብሎ የእነሱን መዝገብ ጠራ። ማንም አልተነሳም። ሽማግሌው ወደ ጋቢሶ ዞሩ።

«ጄሪካንሽ ስንት ሊትር ይይዛል?» አለ ጋቢሶ።

«ሃያ አምስት» አለች ዳራሜ።

«በዚያ ጭቃ?»

«በዚያ ጭቃ።»

አገጩን አከከ። «እንሰቶቹስ ደርሰዋል። ይነቀሉ። ግን ሲፋቁ ዳራሜ መጥታ ሚስቴን ታግዛለች።»

«እሷም የኔን ስፍቅ ከመጣች» አለች ዳራሜ።

«ይሄም ይተየብ?» አለች ላታሜ።

«ይሄንማ ተይው፤ ይሄ የኛ ነው» አለ ጋቢሶ።

ወረቀቱን መዝዛ አወጣች፣ አዲስ አስገባች። ላይኛው መንገድ፣ ሁለት ሜትር፣ ክረምት ከበጋ፣ ሦስቱ እንሰት ተነቅለው። እንዴት ያሉ ጣቶች ናቸው! ጥበቃው ሁለተኛ ሲጠራ አንብባ ጨርሳለች።

«አፊኒ?»

መጀመሪያ የመለሰችው ዳራሜ ናት። የመጨረሻዋ መስመር ያን ጊዜ ተተየበች።

ከችሎት ሲወጡ ዳራሜ አውራ ጣቷ በቀለም እንደጠቆረ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እንደ ትኩስ ድስት ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ወደ ጃንጥላው መጣች።

«ዳኛው ለሕግም ለሞራልም ተቃራኒ አይደለም ብሎ አጸደቀው።»

«አነበበላችሁ?»

«አነበበልን።»

«ሁሉንም?»

«ሦስቱን እንሰት ሳይቀር» አለች ዳራሜ።