ልጃቸው ባለበት የተሰጠ መልስ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ያቭኔ ከተማ ያለ፣ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ አንድ ትንሽ ቢሮ መጠይቅ እንዳስሞላ ቀጠረኝ። የምኖረው ገዴራ ነው፤ የተላክሁት ግን ቂርያት ማላኪ ነበር። እዚያ አንድ ክሊኒክ አማርኛ አስተርጓሚ አለችው። ሰው አታስፈልገኝም ካለ ልትቀር ነው፤ መጠይቁም ይኼንኑ ለማወቅ ነበር።

ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ጥያቄዎቹን እንደተጻፉ አነብ ነበር፤ እንዲያ ከሆነ መልስ የማዛባ አልመሰለኝም። ቤት ስገባ ግን እንግዳ መጣ ተብሎ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ዙሪያዬን ይቀመጣል። «ብቻዎን ላነጋግርዎ» ማለት ነውር ሆነብኝ።

ቤኤር ቱቪያ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያሽጉ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ልጃቸው የወታደር ልብሱን እንደለበሰ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ሐኪሙ የሚነግርዎ ያለ አስተርጓሚ ይገባዎታል?» ብዬ አነበብሁ።

ልጁ ቀደማቸው። «እማዬ? አለቃዋን የምትቆጣው እንኳ በዕብራይስጥ ነው።»

እሳቸውም ፈገግ ብለው «ቤሰደር፣ ይገባኛል» አሉ፤ ቤሰደር በዕብራይስጥ «ደህና ነው» ማለት ነው። እንዳሉት ጻፍሁ።

ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። በሩን ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እሁድ ቀጠሮ አለኝ። አስተርጓሚዋ ትኖር ይሆን?» አሉ።

«አሁን ይገባኛል አላሉኝም?»

«ልጄ ፊት ምን ልበል? ክኒኑን ስንቴ እንደምውጥ የነገረችኝ እሷ ናት። እሱ ይኼን ከሰማ ከጦር ሰፈሩ እየተመላለስሁ ካላስተረጎምሁ ይላል።»

አውቶቡስ ላይ በሌሎቹ ቤቶች የሞላኋቸውን መጠይቆች አገላበጥሁ። ሁሉም ይገባኛል ብለዋል፤ አንዳቸውንም ግን ብቻቸውን አላገኘኋቸውም። ያቭኔ ስደርስ ለቢሮው አስተባባሪ ነገርኋት።

«በራስሽ መልስ አትለውጪ። ተመለሺና ቤተሰብ በሌለበት ጠይቂ፤ ሁሉንም ቤት» አለችኝ።

ልጁ ወደ ጦር ሰፈሩ ከተመለሰ በኋላ እናቱ ቤት ሄድሁ። ሰላምታ እንደጨረስን፣ ዛሬ ለብቻችን መሆናችንን ነግሬ ያንኑ ጥያቄ አነበብሁላቸው።

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ «ስሜ አለበት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለበትም።»

«እንግዲያ አይገባኝም።»

መጻፍ ስጀምር ስልካቸው ጠራ፤ ልጃቸው ነበር። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። «እማዬ፣ ማን አለ ቤት?»

«ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ናት። የረሳችው ነበራት። ምንም የለም፣ ሁሉም ቤሰደር ነው አልኋት» አሉትና፣ በጣታቸው ወደ ወረቀቱ እያመለከቱ፣ እንዳላቆም በዓይናቸው ነገሩኝ።