ቀበሮውና የመንገድ ዳኛዋ

ልጅ ሳለሁ ከተሰጡኝ ሥራዎች ሁሉ የከበደኝ ዳኝነት ነበር። ውኃ መቅዳቱም፣ ኩበት መልቀሙም፣ ጥጃ ማሰሩም ይለመዳል፤ ሲያልቅም ያልቃል። የአያቴ ተረት ግን አያልቅም። ሌሎች ሽማግሌዎች ተረታቸውን በምክር ቋጭተው ልጆቹን ወደ መኝታቸው ይሰዳሉ። የእኔ አያት ልክ ሊጥም ሲል መሐል ላይ ያቆሙና «በይ እንግዲህ ፍረጂ» ይሉኛል።

አባዬ ነበር የምንላቸው። ቤታቸው በጋዝጊብላ ደጋ ላይ፣ አናቱን ጓሳ ሣር ከሸፈነው ተራራ ሥር ነበር። እኔ ሰቆጣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ስለነበር ወደ እሳቸው የምወጣው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ያኔ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታ፣ በጎቹ ጋጣቸው ከተሰበሰቡ በኋላ፣ እራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ አባዬ ከምድጃው አጠገብ አጎዛቸው ላይ ይቀመጡና ቃጫቸውን እየገመዱ ይጀምራሉ። የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ ኩራዟ የእጃቸውን ጥላ ግድግዳው ላይ እያወዛወዘች፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ በእንጨት ጫፍ እየገለጡት የሚያወሩትን አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር። የሚተርቱት በኽምጣና፣ በአገር ቤቱ አገውኛ ነው። አማርኛውን አሳምረው ያውቁታል፤ ገበያም ፍርድ ቤትም ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ተረት ግን በአማርኛ አልወጣ ይላቸው ነበር።

ከሁሉ የሚደጋግሙት የቀይ ቀበሮውን ነው። አንድ ገበሬ ተራራ ሥር ገብስ ይዘራል፤ ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀበሮው አይጥና ፍልፈሉን እየለቀመ ይበላል፣ ገብሱም ያምራል፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳይነካ ይኖራሉ። አንድ ቀን አንዲት ግልገል ትጠፋለች። ገበሬው ወጥቶ ቢያይ ግልገሏ በዋለችበት ቦታ የቀበሮው ዱካ አለ። ውሾቹን ይዞ ቀበሮውን ከተራራው ያባርረዋል። በዓመቱ አይጡ የገብሱን ሥር ጠራርጎ ይበላዋል። ገበሬው ደንግጦ ቀበሮውን ፍለጋ ይወጣና ከሁለት ተራራ ማዶ ያገኘዋል። «ተመለስ» ይለዋል። ቀበሮውም «ግልገልህን ስበላት አይተኸኛል?» ሲለው ገበሬው «አላየሁም» ይላል። «እንግዲያ ብመለስና ነገ ሌላ ግልገል ብትጠፋ ማንን ልትይዝ ነው?» ይለዋል። እንዲህ ሲጨቃጨቁ አንድ መንገደኛ ሲያልፍ ያዩና «በእግዜር፣ ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል።

ያ መንገደኛ እኔ ነኝ። በአባዬ ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። የተጠራው ሰው እምቢ አይልም፤ የጠሩትም የፈረደውን ፊቱ ላይ አይነቅፉም፣ ነውር ነው። ስለዚህ እኔ «ይመለስ» ስል አባዬ «እሺ» ይላሉ። በማግስቱ ከታናሽ ወንድሜ ተጣልቼ ሆዴ ሲብስና «አይመለስ» ስል ደግሞ ያው «እሺ» ነው። «ግን አባዬ፣ ግልገሏን የበላት ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ በቦታው አልነበርሁማ» ይሉና ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። ሊያሳብዱኝ ነው የሚደርሱት። መልሱን በሆዳቸው ይዘው የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን በትክክል ስፈርድ «ጎበዝ» እንደሚሉኝም አልተጠራጠርሁም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት እንደወጣሁ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጥድ ሥር እንዲቆይ ተለመነ። ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት ሰፊ ደብተር ይዞ ቆሟል። ሊያስተረጉምለት የነበረው መምህር ለቀብር ወደ አምደወርቅ ሄዶበት ስለነበር አባዬ ትከሻዬን ገፋ አድርገው «ይችው፣ የእኔ ልጅ ሁለቱንም ትችላለች» አሉት። ባለ ደብተሩ ሳቀና አንድ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ክዳኑ ያልተነከሰ እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም ነበርና ቀኑን ሙሉ በእጄ ጨብጬው ዋልሁ።

ሰውየው ያለው ይህን ነው። ድሮ በዚህ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። ከተረፈበት ሌላ ተራራ አምጥቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ገና እየተጠና ነው፤ አስቀድሞ ግን የሕዝቡን ሐሳብ መስማት ያስፈልጋል። ቢመለስ ምናልባት አናቱ ላይ ያለው ጓሳ በግና ከብት እንዳይገባበት ይከለል ይሆናል። «ይመለስ ወይስ አይመለስ?» ብሎ ብዕሩን ደገነ። እኔ ክው አልሁ። የምድጃችንን ጥያቄ ማን ነገረው?

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ እየተረጎምሁ ራሴ ዞረ። አንዱ ተነሥቶ «ጤና ጣቢያ ስጡን ብለን ስንት ዘመናችን፣ ቀበሮ ነው የደረሰልን?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ «የእግዜር ፍጥረት ነው፤ አባቶቻችንም አብረውት ኖረዋል» አሉ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ፍጥረትማ ጅቡስ ፍጥረት አይደለም ወይ አባ?» ብሎ አቋረጣቸው። አንድ ጎልማሳ አይጡን የሚበላለት ከሆነ ዛሬውኑ ይምጣልኝ ካለ በኋላ የጓሳውን መከለል ደግሜ ስነግረው «እንዲያማ ከሆነ በዚያው ይቅር» ብሎ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አይጡ ግን ፈጀን እኮ» እያለ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ያንኛውን ስሰማ እውነቱ ያንኛው ጋ ነው እላለሁ፤ ይኸኛውን ስሰማ ደግሞ ይኸኛው ጋ። ባለ ደብተሩ ሁሉንም ይጽፋል።

እትዬ ደብሪቱም ተናገሩ። ቤታቸው ከተራራው ሥር የመጨረሻው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በአምስት በጎች ነበር የሚኖሩት፤ በበጋ ደግሞ በጎቹን የሚያሰማሩበት ከጓሳው በቀር ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። «ጓሳው ከተዘጋ የእኔ በጎች የት ይግቡ?» አሉ። ሰውየው «ይታሰብበታል እናቴ» አለ። ያን ጊዜ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረም። አባዬ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና በኽምጣና ተረቱን ጀመሩ። ያንኑ ገብሱን፣ አይጡን፣ ግልገሏንና ዱካውን። እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር እየተከተልሁ በአማርኛ ለሰውየው መለስሁለት፤ በቃሌ ስለማውቀው አንዳንዴ እቀድማቸውም ነበር። መንገደኛው ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩና «በይ እንግዲህ ፍረጂ» አሉኝ።

እዚያ ሰው ሁሉ ፊት! የኛ ሰዎች ነገሩ ስለገባቸው ፍርዴን ይጠብቃሉ። ባለ ደብተሩ ግን አልገባውምና ፈገግ ብሎ ትርጉሙን ይጠብቃል። እትዬ ደብሪቱን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ቀበሮውም ታየኝ፤ ከሁለት ተራራ ማዶ ብቻውን ቆሞ። እስክሪብቶው አሁንም እጄ ውስጥ ነው። ከዚህ ሁሉ የትኛው እንዳናገረኝ ስንት ጊዜ ብመረምር አላገኘሁትም፤ ብቻ በኽምጣና «ይመለስ» አልሁ። ስተረጉም የዋልሁ ነኝና፣ አፌ ለምዶት፣ ወዲያው በአማርኛም «ይመለስ» አልሁ።

ሰውየው ጻፈው። የአባዬ ቃል መስሎት ነው የጻፈው፤ ስማቸውን ከላይ አድርጎ። የአባዬ ቃል እንዳልሆነ ልነግረው አሰብሁ፤ ነገር ግን የማን ቃል ነው ልበለው? የእኔ ነው ብል የልጅ ነገር ብሎ ይሰርዘዋል፤ ዝም ብል የሳቸው ሆኖ ይቀራል። አባዬን ቀና ብዬ አየኋቸው። «እሺ» አሉ፤ ተቀመጡ። የተጠራ ዳኛ ፈርዷልና አንድም ሽማግሌ ሊያፈርሰው አልሞከረም። ከእሳቸው ቀጥሎ የተጠየቁትም «የተፈረደው ይበቃል» አሉ፤ እኔው ነኝ ይህንንም የተረጎምሁት። የአገሩ ሐሳብ በአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አፍ ተዘጋ። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው አቀኑ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አምስቱንም በጎች ወደ ሰቆጣ ነዱ። በሁዳዴ በግ የሚሸጥ ሰው ያበደ ወይ የቸገረው ነው፤ ፋሲካ እስኪቃረብ ማን ይገዛል? አንዷ በግ ያረገዘች ነበረች። ሰው ሁሉ «ትንሽ ይታገሡ እንጂ» ቢላቸው «ተፈርዷል፤ ተራራው ሲዘጋ ሁሉም በጉን ይዞ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይረክሳል» አሉ አሉ። በረከሰ ዋጋ ሸጠው ተመለሱ። እኔ በራፋችን ላይ ቆሜ ባዶ እጃቸውን ሲያልፉ አየሁ። እንደ ወትሮው «ደኅና ዋልሽ ልጄ?» አሉኝ።

ቀበሮው አልመጣም። በዚያ ዓመትም፣ በሚቀጥለውም አልመጣም። ባለ ደብተሩ ተመልሶ አልታየም፤ ጓሳውን የከለለ የለም፤ የጎረቤቱ በግ ሁሉ እስከ ክረምት እንደ ልቡ ሲግጥበት ከረመ። ለዕረፍት በወጣሁ ቁጥር ተራራውን ቀና ብዬ አይ ነበር። ቀይ ነገር ብልጭ ያለልኝ ሲመስለኝ ደስ ይለኛል፤ ቢመጣ የፈረድሁት ለከንቱ አልሆነም ማለት ነውና። ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ። አባዬ ግን ያን ተረት ከዚያ ወዲያ አልደገሙትም። ሌላ ይተርታሉ፣ ሌላ ያስፈርዱኛል፤ ስለዚያ እሑድ አንድም ነገር አይሉም። ተቆጥተው ይሁን አዝነው ከፊታቸው ላነብ እየሞከርሁ ራት ሳልበላ የተኛሁበት ቀን አለ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ስመጣ ቆርጬ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሄድሁ። ከደጃቸው ተቀምጠው ለሰው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ኑሯቸው ያ ሆኗል። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «ይማሩኝ፣ እኔ ነኝ በጎችዎን ያሸጥሁት» አልኋቸው። እንዝርቱን አላቆሙም። «ተነሽ እንጂ፣ ምን ሆነሻል? ዳኛ እኮ ይቅርታ አይጠይቅም» አሉኝ። «ሕፃን ነበርሁ እኮ» ብል «እሱን እኔም አይቻለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ምሳ በልተሽ ሂጂ ብለው ገቡ። ምረውኝ ይሁን ወይም የሚማር ጥፋት እንደሌለኝ እየነገሩኝ፣ ወይስ «ሕፃን መሆንሽን እያየ ፍርድሽን የተቀበለውን አገር ምን እለዋለሁ» ማለታቸው፣ ዛሬም ድረስ ሳወጣ ሳወርድ እኖራለሁ። ምሳውን ግን በላሁ።

የዚያኑ ዕለት ወደ ማታ አባዬን ጠየቅኋቸው። አርጅተው ነበር፤ እጃቸው ቃጫ መገመድ ትቷል፤ እሳቱ አጠገብ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። «አባዬ፣ ያን ቀን እርስዎ ቢሆኑ ምን ይፈርዱ ነበር?» አልሁ። መልሱ ሊወጣ ነው ብዬ ጠጋ አልኋቸው።

«እኔማ አላውቀውም» አሉ።

«እንዴት አያውቁትም? ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስፈርዱኝ ኖረው!»

«ስለማላውቀው አይደለም ወይ የምጠይቅሽ?» ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም። «ግልገል የጠፋችው የእኔ ነበረች። ውሻ ይዤ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ቀበሮው ከሄደ ወዲህ ደግሞ ገብሴን አይጥ በላው። በደልሁት አልበደልሁት፣ ማን ይንገረኝ? አንቺ ትምህርት ቤት የምትሄጂ ነሽና ታውቂው ይሆናል ብዬ ነበር።»

ለካ ሕፃን እያለሁ፣ በዚያ ጭስና በዚያ ኩራዝ ብርሃን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የነበሩት ሰው መልሱን የደበቁ አዋቂ አልነበሩም፤ ፍርድ ፈልገው ያገኙትን መንገደኛ ያስቆሙ ተከሳሽ ነበሩ። እኔ በየዕለቱ እንደ ስሜቴ ስፈርድላቸውና ስፈርድባቸው፣ ያን ሁሉ «እሺ» እያሉ ይቀበሉኝ ኖሯል። በኩርፊያዬና በወንድሜ ቂም የፈረድሁባቸውን ቀኖች ልቆጥር ሞክሬ አልቻልሁም።

አሁን ሁለቱም የሉም። አባዬም፣ እትዬ ደብሪቱም። ስለ ቀበሮው ሰው ሲጠይቀኝ፣ ቢመለስ ደስ ይለኛል ልል አፌን እከፍትና ያቺ ያረገዘች በግ ትታየኛለች። አይመለስ ልል ስል ደግሞ አያቴ ከነጥያቄያቸው መቀበራቸው ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ዝም እላለሁ፤ ሰዎችም የማልጨነቅበት ነገር ይመስላቸዋል።