ዝናቡን በስብሰባ የጨረሰው ደብተር

የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሰፌድ ነው። በለቀማ ክፍል ተቆጣጣሪነት ተቀጥሬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴ እንዲታወቅልኝ እስክሪብቶ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ ከቦሳ ኪቶ ሰፈር በእግሬ መጣሁ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ እስክሪብቶውን አዩና፣ «እሱን ወዲያ አድርጊው፤ መጀመሪያ ዓይንሽን እንየው» አሉኝ። ሰፌድ ሙሉ ጥሬ ቡና አቀረቡልኝ። ጥቁሩን፣ ሰባራውን፣ የነቀዘውንና ጠጠሩን ለይቼ ማውጣት ነበረብኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት አደ ሞሚና ነበሩ፤ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ከለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜም በሥራም ትልቋ ናቸው። እኔ ግማሽ ሰፌድ ሳልጨርስ እሳቸው ሦስተኛውን ጀምረዋል። ጨርሻለሁ ካልኩት ክምር ላይ ሁለት ጥቁር ፍሬ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ዓይንሽ ደህና ነው ልጄ፤ ልብሽ ነው ሌላ ቦታ ያለው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልቤ ምሳ ላይ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ቡና ገለባው ተቀሽሮ በጆንያ ይገባል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስድሳ ያህሉ ጆንያ አንድ ላይ ሎት ይባላል። አርባ ሴቶች ይለቅሙታል፤ አፉ ተሰፍቶ ይደረደራል። ከዚያ መርማሪው ይመጣል። ጫፉ የሾለ ቱቦ ብረቱን ጆንያው ሆድ ውስጥ ወግቶ ናሙና ያወጣል፤ መጥፎ ፍሬውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከልክ ካለፈ የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይመለስ»። ያን ጊዜ ስድሳውም ጆንያ ተፈትቶ እንደገና ይለቀማል።

የለቃሚ ችግር ከምሳ በኋላ ይጀምራል። ዝም ካሉ ያንጎላጃሉ፤ ካወሩ ደግሞ አንገት ይዞራል፣ እጅ ይቆማል። መላ ስፈልግ ከረምኩና መላው ከሚዛኑ ዘንድ ተገኘ።

የሚዛን ሠራተኛው ወንድሙ የሚባል ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነበር። አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ይሞነጫጭራል። ክብደት የሚመዘግብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ገለጥኩት፤ ተረት ሆኖ አገኘሁት። ቆሜ ሃያ ገጽ አነበብኩ። ወንድሙ ሲመለስ ፊቱ ቀላ።

«ዘሃራ፣ እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ።

በማግስቱ ለአርባ ሴቶች አነበብኩላቸው።

ታሪኩ «የዝናብ ቁልፍ» ይባላል። የድርቁ ንጉሥ የሰባት አገሮችን ዝናብ ከነነጎድጓዱ ከሰማይ በር ጀርባ ቆልፎበታል። ሲፈን የምትባል የብረት ሠሪ ልጅ ቁልፉን ፍለጋ ትነሣለች። ተከታይዋ አንድ የሚናገር ጅብ ነው። ስሙ ወራቤሳ፤ በኦሮምኛ ያው ጅብ ማለት ነው፤ ወንድሙ ስም ለማውጣት ሰነፍ ነበር። ወራቤሳ ሆዳም ነው፣ ውሸታም ነው፣ ከሁሉ በላይ ፈሪ ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሲፈን ቀሚስ ሥር ይገባል። ሴቶቹ ወደዱት ብቻ አይባልም፤ አበዱለት።

ደስ የሚል ዘመን ነበር። ከምሳ በኋላ ከፍ ያለ ጆንያ ላይ ወጥቼ አነባለሁ፤ አርባ ጥንድ እጅ ሳይቆም ይለቅማል። ማንም ወሬ አያወራም፣ ምክንያቱም አንድ ቃል ያመለጣት ሴት ጎረቤቷን ብትጠይቅ ጎረቤቷም ሌላ ቃል ሊያመልጣት ነው። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ሲፈን አሏቸው። መርማሪው ናሙናችንን እየቆጠረ፣ «እናንተ ምን እየበላችሁ ነው የምትለቅሙት?» እስከማለት ደረሰ።

አንድ ጠዋት አቶ ደምሴ ቢሮ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉት። በሥራ ሰዓት ተረት ታነባለች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል ብዬ ገመትኩ። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ስለሆነ ንባብ ማስለመድ ነው ልል ነው።

«ትናንት ከመጋዘኑ በር ጀርባ ነበርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስልክ ተደወለና መጨረሻውን ሳልሰማ ሄድኩ። ጅቡ ከጉድጓዱ ወጣ?»

«ወጣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።»

«ጎሽ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

በየቡና ወቅቱ አንድ ደብተር፣ በአራት ወቅት አራት ደብተር ሆነ። ሦስተኛው ያለቀው ሲፈን ከሰማዩ በር ሥር ቆማ፣ ንጉሡ ሰይፉን መዝዞ ሲወጣ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሴቶቹ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት ስለ ሲፈን ይጠይቁኝ ነበር። የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ወንድሙን ስጠይቀው ጥፍሩን ይበላል።

አራተኛውን ደብተር ያመጣልኝ በቀጣዩ ወቅት አንድ ሎት ልንጨርስ ሃያ ጆንያ ሲቀረን ነው። ሎቱ ሐሙስ መኪና ላይ መጫን ነበረበት። ደብተሩ ቀጭን መስሎ ታየኝ፤ ግን ደስታዬ አላስቆመኝም። ቀድሜ ላንብበው እንኳ አላልኩም። ለመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ይሁን ብዬ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ጥፋቱ ያ ነው፤ የእኔ ጥፋት ነው።

እንዲህ ይላል፦ «የድርቁ ንጉሥ ሰይፉን መዝዞ ወጣ። በዚህን ጊዜ የሰባቱ አገሮች ተወካዮች ደርሰው ስብሰባ ተቀመጡ። በአጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ። ንጉሡም ግለ ሂስ አደረገ። ዝናቡ ለሰባቱ አገሮች በእኩል እንዲከፋፈል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወራቤሳ ግን ቀደም ሲል በወባ ሞቶ ነበር። ስብሰባው በጭብጨባ ተፈጸመ።»

ገጹን ገለበጥኩ። ባዶ ነው። የሚቀጥለውንም ገለበጥኩ።

አደ ሞሚና ዓይናቸውን ከሰፌዱ አነሱ። «ማል ጄዳ? ምንድን ነው የሚለው?»

«አለቀ» አልኩ።

«በወባ?» አለች አንዷ ከጥግ። ቀጥሎ የሆነውን ጫጫታ ልገልጸው አልችልም። አርባ ሴት ባንዴ ተናገረ። አንዷ አለቀሰች። አንዷ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከጎርፍ ከእሳት የተረፈ ጅብ ወባ ገደለው ብሎ መጻፍ ሐራም ነው አለች። ሌላዋ፣ «እኔ ስብሰባ መሄድ አንሶኝ ነው ተረት ውስጥም ስብሰባ የሚጠራኝ?» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። እጃቸው ግን ከልምድ የተነሳ ይሠራል፤ ቡናው ሳይታይ ከሰፌድ ወደ ጆንያ ይገባል። ሃያው ጆንያ እንዲያ ሆኖ ሞላ፤ ተሰፋ።

ሰኞ መርማሪው መጣ። ከፊት ወጋ፤ ደህና ነው። ከመሐል ወጋ፤ ደህና ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ያወጣውን ግን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ጥቁሩ ከሩቅ ይታያል። ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።

«ይመለስ።»

አቶ ደምሴ ይዘውኝ ወጡ። ቀልድ አልነበረም። ሎቱ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ፣ ወይም ሁለተኛ ከተመለሰ፣ ጉዳዩ አሻጥር ተብሎ ወደ ላይ ይጻፋል። አሻጥር ማለት በዚያን ጊዜ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ደግሞ የተቆጣጣሪዋ ነው።

«ምን ነካቸው ሴቶቹን?» አሉኝ።

«ታሪኩ ክፉኛ አለቀባቸው።»

«ጅቡ?»

«ሞተ። በወባ።»

አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

ሮጬ ወንድሙ ዘንድ ሄድኩ። ሌላ መጨረሻ ጻፍ፣ በእናትህ አልኩት። «ያለቀ አልቋል» አለና ሚዛኑን መወልወል ቀጠለ። ማክሰኞ ጠዋት ስድሳው ጆንያ ተፈታ። ሴቶቹ አኩርፈው ተቀመጡ፤ የአንዷም ሰፌድ ከጥቁር አልጸዳም። የመጀመሪያውን ሰፌድ ሲያስረክቡኝ ጥቁሩን ራሴው መልቀም ጀመርኩ። አደ ሞሚና አዩኝ።

«ደብተሩን አምጪው» አሉኝ።

«አደ ሞሚና፣ ጊዜ የለንም።»

«መርማሪው የእኛን መለሰው አይደል? እኛም የወንድሙን እንመልሳለን። አንብቢ፤ እንለቅመዋለን።»

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ ዐረፍተ ነገር አነባለሁ። ደህና ከሆነ «ይለፍ» ይላሉ፤ መጥፎ ከሆነ አርባውም ባንድ አፍ «ጥቁር» ይላሉ፤ እኔ በእስክሪብቶ እሰርዛለሁ። «የድርቁ ንጉሥ ሰይፉን መዝዞ ወጣ»፤ ይለፍ። ስብሰባው ጥቁር። አጀንዳው ጥቁር። ግለ ሂሱ ላይ ሳቅ ሆነ፤ አንዷ እየሳቀች ከበርጩማዋ ወደቀች። ወባው ጋ ስደርስ «ጥቁር» የሚለው ድምፅ ግቢው ውስጥ የቆመውን ሾፌር አስደነገጠው። ከመላው ደብተር አንዲት መስመር ተረፈች። ሳቁ እጃቸውን አፍታታው፤ ዓይናቸው ወደ ሰፌዱ ተመለሰ።

ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«እንግዲህ እናንተው ጨርሱታ» አለ ተቆጥቶ።

«አንተ ልጅ፣ ና ተቀመጥ» አሉት አደ ሞሚና። «ወላሂ አንጣላህም። ለምንድን ነው እንዲህ ያደረግኸው?»

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ንጉሡን እጅግ ኃይለኛ አድርጎት፣ በሩን እጅግ ብዙ ቁልፍ ቆልፎበት፣ ራሱም መክፈት አቃተው። ክረምቱን ሙሉ ሞከረ፣ ቀደደ፣ ሞከረ። «የማውቀው መጨረሻ ስብሰባ ብቻ ሆነብኝ» አለ። «በየሳምንቱ የማየው እሱን ነው። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ማንም አልሳቀበትም። አሳዘነኝ፤ እሱም እንደ እኛው ታሪኩን ይወደው ኖሯል።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። አንዷ ሲፈን ንጉሡን ትግደለው አለች፤ አንዷ ታግባው አለች፤ ይቺኛዋ በሰፊው ተወገዘች። ወንድሙ እርሳሱን አውጥቶ ለእያንዳንዷ ይመልሳል፤ ይሄ አይሆንም፣ ሁለተኛው ደብተር ላይ ተዘግቷል ይላል። እጅ ሳይቆም ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ ገባ። እኔ በሰፌዶቹ መሐል እየዞርኩ አያለሁ፤ ቡናው ጠርቷል።

ረቡዕ ከሰዓት ነው አደ ሞሚና የተናገሩት። ቡናቸውን እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ ነው።

«በሩን የሚከፍተው ጅቡ ነው» አሉ። «ነጎድጓድ የሚፈራው እሱ አይደል? ነጎድጓዱ ሁሉ ከበሩ ጀርባ ነው ያለው። ሲፈን ከንጉሡ ጋር ተያይዛለች፣ እጅ የላትም። ቁልፉን ትወረውርለታለች። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እያለቀሰ ይከፍታል። ከፈሪ ሌላ ማን ይከፍታል? ላልፈራ ሰው ምኑ ነው?»

ወንድሙ እርሳሱን መሬት ጣለው፣ ፈልጎ አነሣው፣ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ ሰጠኝና ጆንያው ላይ ወጥቼ አነበብኩ። ዝናቡ ሲወርድ አርባውም አለቀሱ፤ ከዚያ እልልታው መጣ። አቶ ደምሴ ከበር ጀርባ አላመለጡኝም፤ መሐረባቸውን አይቻለሁ።

ሐሙስ መርማሪው ብረቱን ይዞ መጣ። ከፊት ወጋ፣ ከመሐል ወጋ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሦስት ቦታ ወጋ። ቆጠረ። ቀና ብሎ፣ «ይጫን» አለ። ከደስታዬ ብዛት መርማሪውን ልስመው ነበር፤ ደግነቱ አደ ሞሚና በሻሼ ጫፍ ያዙኝ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በለቀማ ክፍል ቆይቻለሁ። ብዙ ተቆጣጣሪ አሠልጥኛለሁ። ሎት ሲቀርብልኝ ሌላው ከፊት ሲጀምር እኔ የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ነው መጀመሪያ የማስፈታው። ጥቁር ፍሬ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።