ሂሻም የወንድሙን ድራም ያስቀመጠበት ቦታ

ሂሻም አደም የቁንዝላ ጀልባ ሠሪ ልጅ ነው። ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቴ የኋላዋን ክፍል ከተከራየኝ ስድስት ዓመት ሆነው። ግድግዳዋን በስፖንጅና በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሙዚቃ ሚክስ ያደርግባታል። ሙያውን ማንም አላስተማረውም፤ ከስልኩ እያየ፣ እየተሳሳተ ለመደው። እኔም ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ብቻዬን ነውና ለዚህ አከብረዋለሁ።

ታናሽ ወንድሙ አብዱልሃኪም የሮክ ባንድ ድራም መቺ ነበር። በዚያችው ክፍል አንድ ዘፈን ቀድቶ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቁንዝላ ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተገኙ፤ እሱን ጣና አልመለሰውም። ሬሳው በሌለበት የሙት ሶላት ተሰገደለት።

በሞተ በዐሥረኛው ወር የባንድ ጓደኞቹ ዘፈኑን ጠየቁ። ሂሻም «እናቴ ሰምታ ካልፈቀደች አልሰጥም» አላቸው።

በስፖንጅ ክፍል የተቀዳ ድራም ደረቅ ነው፤ ካርቶን የሚመቱ ይመስላል። ስለዚህ ሪቨርብ ይጨመርበታል። ድምፁን አዳራሽ ወይም ክፍል ውስጥ የተመታ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ሂሻም ብዙ ዓይነት አለው። ሮክ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል ብሎ ትልቁን አዳራሽ መረጠ፤ ጆሮ እንዳይበሳ ደግሞ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ቆረጠበት።

«ጋሼ አንዳርጋቸው፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ድሮ ቆርቆሮ ሲያራግፉ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን…»

«ይናገሩ እንጂ።»

«ውሃ ውስጥ ነው።»

እንደገና አጫወተው። የምቱ ጫፍ ደንዝዟል፤ እያንዳንዱ ምት በፊተኛው ማስተጋባት እየተዋጠ ይሰምጣል። ሂሻም ፊቱ ጠቆረ። ሁሉንም አጠፋው፤ ሁለት ቀንም እህል አልቀመሰም።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ምንም ሪቨርብ ሳያደርግ ደረቁን ተወው፤ ድራሙ እዚያው ደጃፍ የሚመታ ያህል ቀረበ። ቅዳሜ እናቱ ወይዘሮ ዘሊካ ከቁንዝላ መጡ፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ አሰማቸው። ጥቂት እንደሰሙ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱና ግቢውን ማየት ጀመሩ።

«ማንን ፈለግሽ፣ እማ?»

«ዝም በል። እዚህ ነው ያለ።»

እስከ ጓሮው ድረስ ዞረው አዩ። እኔ ብዙ ሞት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ግን እኔም ዞር ብዬ ፈለግሁት። ሂሻም ድምፁን ሲያቆመው ተመልሰው ትከሻውን በመዳፋቸው መቱት።

«አንተ ጅል! ሰግደንለት የለም ወይ? ምነው ከበራፍ አቆምኸው!»

ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ ተቀመጡ። «እንግዲህ ከልኩ ቦታ አድርገው» አሉት።

ሌላ የሪቨርብ ፕሮግራም ከፈተ፤ ግድግዳው እንጨት የሆነ ትንሽ ክፍል የሚያስመስል፣ ማስተጋባቱም አንድ ሰከንድ የማይሞላ። በምቱና በክፍሉ መልስ መካከል የዓይን ጥቅሻ የምታህል ክፍተት አስገባ፤ ምቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነው። ለስኔሩ፣ በበትር ለሚመታው ትንሹ ከበሮ፣ በዛ አደረገለት፤ በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ ግን ምንም ያህል አልሰጠውም። «ይህ ከራቀ ዘፈኑ እግር ያጣል» አለኝ።

«ቀረበ» አሉ እናቱ።

«አሁንስ?»

«ራቀ። ኧረ የሰው ልጅ ነው፣ ልታባርረው ነው እንዴ? መልሰው።»

«አሁንስ?»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሌላ ቤት ነው ያለ» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ የማናውቀው ቤት። ደኅና ነው። ስጣቸው።»

ሻርፓቸውን አስተካክለው ጫማቸውን ፈለጉ።

ከሸኘናቸው በኋላ ሂሻም ዘፈኑን ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ነካ። የመጨረሻዋን የስኔር ምት ሪቨርቧን አጠፋባት።

«ምን አደረግህ?»

«አንዷ ለእኔ ትሁን፣ ጋሼ።»

«እናትህ የፈቀዱት ይህን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለና ላከው።

ልክ አልሠራም፤ ነግሬዋለሁም። እናቱ ያችን ምት ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ ደፍሬም አልጠየቅሁ። ዘፈኑ አሁን በተሳፈርሁበት ባጃጅ ሁሉ ይሰማል። ምቱ ሁሉ ከዚያ ከማናውቀው ቤት ይመጣል፤ የመጨረሻዋ ግን ከጀርባዬ ናት። እንደምትመጣ እያወቅሁ እዞራለሁ።

«አባባ፣ የረሱት ዕቃ አለ?» ይለኛል ባለ ባጃጁ።

«የለም፣ ንዳ» እለዋለሁ።